ሰፊው አፍ የመሬት ነው

አዳማ ገና ናዝሬት ሳትባል፣ ንግሥቲቱ በዙፋን ላይ ሳሉ፣ ከባቡር ጣቢያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር ሰንበታ የሚባል ዋጋሚ ይኖር ነበር። የዋጋሚ ሥራ ደም ማውጣት ነው። ራሱን የሚያዞረው፣ ወገቡ የተያዘ፣ የትናንት ጠጅ ከአናቱ አልወርድ ያለው ሁሉ ይመጣና ጀርባውን ይሰጠዋል። ሰንበታ ቆዳውን በምላጭ ጫር ጫር አድርጎ ቀንዱን ይደፋበታል፤ በቀንዱ ጫፍ ባለችው ቀዳዳ ላይ ከንፈሩን ገጥሞ አየሩን ይስባል፤ በምላሱ ሥር ሲያለሰልሰው በቆየው ሰም ቀዳዳዋን ይደፍናል። ከዚያ ክፉው ደም ቀንዱ ውስጥ እስኪጠራቀም ዝም ብሎ ይጠብቃል።

የሚጠብቀው ግን እየናቀ ነው። ሰንበታ የአዳማን ሰው አንድ በአንድ ይንቅ ነበር፤ ንቀቱም ያለ ምክንያት አልነበረም። ሰው ፊቱን ታጥቦ፣ ጢሙን አበጥሮ፣ ጥምጥሙን አስተካክሎ ይወጣል። ጀርባውን ግን ማን ያበጥረዋል? ባላምባራስ ሰብስቤ፣ የአዳማ ዳኛ፣ በገበያ መሐል ሲያልፉ አህያ ሳይቀር መንገድ የሚለቅላቸው ጌታ፣ ከሰንበታ በርጩማ ላይ ሲቀመጡ ገና ምላጩ ሳይነካቸው ዐይናቸውን ጨፍነው «ቀስ በል፣ ኧረ ቀስ በል!» ይላሉ። እህል ነጋዴው ጉተማ በሄደበት ሁሉ «እኔ ታምሜ አላውቅም» እያለ ደረቱን ይመታል፤ ሰንበታ ግን በጉተማ ጀርባ ላይ ምላጭ የሚያሳርፍበት ጤነኛ ቦታ ካጣ ቆይቷል። የባቡር ጣቢያው ጸሐፊ ወልደአማኑኤል ደግሞ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ጥቂት ፈረንሳይኛ ቃርሞ፣ ባርኔጣ ደፍቶ፣ በየጠጅ ቤቱ «ዋግምት የአረመኔ ሥራ ነው፤ ፈረንጆች ቢሰሙ ይስቁብናል» እያለ ይሰብካል። በስብከቱ ማግስት ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ከች ይላል።

ሁሉም የሚመጡት በጓሮ ነው። ከሰንበታ ቤት ጀርባ ባለው የቅንጭብ አጥር ውስጥ፣ እነሱው በመግባት በመውጣት የሰፋች ሽንቁር አለች። ካባ የለበሰም ጋቢ የተከናነበም እዚያች ላይ ሲደርስ እንደ ፍየል ጎንበስ ብሎ ይሾልካል። ተዋግሞ፣ ራሱ ቀሎት፣ እንደገና ጎንበስ ብሎ ይወጣል። በነጋታው ገበያ ላይ ሰንበታን ሲያገኘው አያውቀውም። ሰላም አይለውም። ሠርግ ቢጠራ የሚቀመጠው በር ሥር ነው፤ የጠጣበት ዋንጫ ሁለቴ ይለቀለቃል። ደም ይነካላ!

ሰንበታ በዚህ አልተናደድኩም ይል ነበር። «ጀርባውን ካየሁት ሰው ምን ሰላምታ እፈልጋለሁ?» ይላል። ውሸቱን ነው። ይህን የምታውቅ ሚስቱ ዘርፉ ብቻ ነበረች። ከገበያ ሲመለስ፣ ማን ማን እንዳለፈው፣ ማን ማን ፊቱን እንዳዞረበት ሲቆጥር ትሰማዋለች። ያ ሁሉ የናቀው ሰው አንድ ቀን ቆም ብሎ፣ ሰው እያየ፣ «እንዴት አደርክ ሰንበታ?» እንዲለው ልቡ ይቃጠል ነበር። የሚንቁትን ሰው ሰላምታ መመኘት እንዴት ያለ በሽታ ነው? ለእሱ ደግሞ ዋግምት የለውም።

ሰንበታ ከአባቱ የተቀበላቸው ሁለት ሕጎች ነበሩት። አንደኛው፣ ዋጋሚ የማንን ጀርባ እንዳየ አይናገርም። ሁለተኛው የቀንዱ ሕግ ነው። ቀንድ ሁለት አፍ አለው፤ ጠባቡ አፍ የዋጋሚው ነው፣ ሰፊው አፍ የመሬት ነው። ዋጋሚ ከንፈሩን በጠባቡ ላይ ብቻ ያሳርፋል። በሰፊው በኩል የተጠራቀመው ደም አመድ በተነሰነሰበት ጉድጓድ ይገለበጣል፤ ባለ ደሙም ራሱ አፈር መልሶበት በገዛ እግሩ ረግጦ ይቀብረዋል። ባላምባራስም ቢሆኑ ጫማቸውን አውልቀው ይረግጣሉ። ደም እኮ ዝም ብሎ አይጣልም፤ ውሻ ይልሰዋል፣ ቡዳም ያገኘው ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ደም ራሱ ቀብሮ፣ ልቡ አርፎ ይሄዳል። የቀንዱ ሰፊ አፍ ወደ ላይ ዞሮ አያውቅም።

በዚህ መሐል ነው ፈረንጁ የመጣው።

ከጅቡቲ በሚመጣው ባቡር ወረደ። ረጅም፣ ቀይ አንገት ያለው፣ ባለ ሦስት እግር ሳጥን ከልጅ አብልጦ የሚንከባከብ ሰው ነበር። ያኔ ፈረንጅ ሁሉ ሙሴ ይባል ነበርና ይህኛውን ከሌሎቹ ለመለየት ሙሴ ሳጥን አሉት። አብሮት ፊቱን ዱቄት የሚቀባ፣ በዚያ ሙቀት ጥቁር ካባ ደርቦ የሚንጎራደድ ሌላ ከሲታ ፈረንጅ አለ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደሚባለው፣ ሙሴ ሳጥንም በመጣ በማግስቱ በቅሎ አምጡ፣ ድንኳን ትከሉ፣ ከፊቴ ዞር በሉ ይል ጀመር። ሥራው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ማንሳት ነው ተባለ፤ አዲስ አበባ ሰዎች የሰይጣን ቤት በሚሉት አዳራሽ ውስጥ በተዘረጋ አቡጀዲ ጨርቅ ላይ የሚታየውን ማለት ነው።

ወልደአማኑኤል ወዲያው አስተርጓሚ ሆነ። ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ የሥዕሉን ታሪክ ለጠጅ ቤቱ አብራራ። አንድ ትልቅ የፈረንጅ ባላባት አለ፤ ሞቶ ተቀብሯል፤ ግን አያርፍም። ሌሊት ሌሊት ከሬሳ ሣጥኑ እየተነሣ የሰው ደም እየመጠጠ ይኖራል።

ወሬው ሰንበታ ዘንድ ሲደርስ ሳቀ። «ሞቶም የድሃ ደም የማይተው ባላባት?» አለ። «ፈረንጁ ለዚህ ብሎ ነው ባሕር የተሻገረው? እኛ ዘንድ ሳይሞቱ የሚያደርጉት አሉ።»

ሳቁ ብዙ አልቆየለትም። ሙሴ ሳጥን ስለ ዋግምት ከማን እንደሰማ እንጃ፣ ምናልባት ከዚያው ከሰባኪው ከወልደአማኑኤል፣ አንድ ቀን እሱኑ አስከትሎ መጣ። የመጣውም በጓሮ ሳይሆን በፊት ለፊት በር ነው። ሰንበታን ከላይ እስከ ታች አየው። የተሸበሸበ ግንባሩን፣ የጎደጎደ ጉንጩን፣ ሰም በማላመጥ የጠቆረ ከንፈሩን አይቶ፣ ሰው ጥሩ በሬ ሲያገኝ እንደሚያደርገው በምላሱ ጧ አደረገ።

«ኦቦ ሰንበታ፣ እንደምን ዋሉ?» አለ ወልደአማኑኤል።

ሰንበታ ኋላውን ዞሮ አየ። ሌላ ሰው የመጣ መስሎት ነበር። ይህ ጸሐፊ እስከዚያ ቀን ድረስ አንተ እንጂ እርስዎ ብሎት አያውቅም።

«ሙሴ የሚሉት» ብሎ ቀጠለ፣ «በዚህ ሥዕል ውስጥ አንድ ሐኪም ያስፈልጋል። ክፉ ደም አውጥቶ ሰውን ከዚያ ከባላባቱ የሚያድን ሐኪም ነው። ፊትዎ እንደ በር ሰፍቶ ይታያል። በፓሪስ ይታያል፣ በአዲስ አበባ ይታያል። መኳንንቱ ያዩታል።»

«በአዳማስ?» አለ ሰንበታ።

«በአዳማም!»

ሰንበታ ስለ ዋጋው አልጠየቀም። ሌላም ምንም አልጠየቀም። ሕይወቱን ሙሉ ሰውን ሲንቅ የኖረው ሰውዬ በአንዲት «እንደምን ዋሉ» ተሸጠ።

ዘርፉ ግን ጠየቀች። ሸዌ ናት፤ ነገር ሳታበጥር አትውጥም። «ሐኪሙ ምን ያደርጋል?»

«ይዋግማል። ከዚያ በቀንዱ መድኃኒት ይጠጣል።»

«በየትኛው አፍ?»

ሰንበታ ምላጩን መሳል ጀመረ።

«በሰፊው ነዋ!» አለች። «ሰንበታ፣ ቀንዱን ወደ ላይ ልታነሣው ነው?»

«ማር ነው የሚያደርጉበት እንጂ ደም አይደለም።»

«ያየ ሰው ማር መሆኑን በምን ያውቃል?»

«ደማቸውን ራሳቸው ቀብረው የለም እንዴ? የእኔን እጅ ከእነሱ በላይ ማን ያውቃል?» ብሎ ተነሣና ወጣ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆኖበት ነው እንጂ የእሷ ጥያቄ እንደ እሾህ ወግቶታል።

ሥዕሉ የተነሣው በአዋሽ ዳር፣ ሶደሬ ፍል ውሃው አጠገብ ነው። በበቅሎ ወረዱ። ሙሴ ሳጥን እንፋሎቱን ሲያይ ጮቤ ረገጠ። ፀሐይ አናት ላይ እስክትቆም አስጠበቃቸውና በቀትሩ ሥራ ተጀመረ። ወልደአማኑኤል ይህ ሁሉ የሚሆነው በሌሊት እንደሆነ አብራራ። ሳጥኑ በጨለማ አያይምና በቀን ይነሣል፤ በኋላ ሥዕሉን ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ይነክሩታል፤ ያኔ ሌሊት ይሆናል።

«እግዜር የፈጠረው ሌሊት ምን ሆነበት?» አለ ሰንበታ።

ሰንበታ ሌላም ብዙ ታዘበ። ዱቄት የተቀባው ባላባት ሲያልበው ሊጥ እየሆነ በአገጩ ይንጠባጠባል፤ ሙሴ እየሮጠ ይለስነዋል። ደግሞ ሞቷል የተባለው ሰውዬ ዝንብ ባረፈበት ቁጥር ይሳደባል። ሙሴ ሳጥን የሳጥኑን መዘውር እንደ ልብስ ስፌት መኪና እያሽከረከረ ይጮኻል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት የተማሩ ሰዎች መሆናቸው ሰንበታን እጅግ ደስ አሰኘው። የአዳማን ሰው ብቻ ይንቅ የነበረው ለካ አገር ስላላየ ነው።

የሚዋገም ጀርባ ሲፈለግ ጠፋ። በቅሎ ነጂዎቹ ወደ ኋላ አሉ። በመጨረሻ ወልደአማኑኤል ራሱ፣ ሙሴን ላለማሳፈር፣ ሸሚዙን አወለቀ። «ፊቴ ግን እንዳይታይ!» ብሎ በሁለት ቋንቋ ለመነ። ሰንበታ ዋገመው፤ ደሙንም ጉድጓድ ምሶ ገለበጠለት። ጸሐፊው ሙሴ ወዲያ እስኪዞር ጠብቆ በፍጥነት ረገጠው። ከዚያ ቀንዱ ታጠበና ማር በጥላሸት ተለውሶ ተሞላበት።

«ጥላሸቱ ለምንድን ነው?»

«ሥዕሉ ላይ ማሩ ማር እንዲመስል ነው፣ ኦቦ ሰንበታ።»

ሰንበታ ቀንዱን በእጁ ይዞ ቆመ። ልቡ ነገሩን ያወቀው ያኔ ነው። አባቱን አስታወሰ፤ ዘርፉን አስታወሰ። ደግሞ የባላምባራስ ሰብስቤን ፊት አሰበ፤ በር የሚያህል የሰንበታን ፊት አንጋጦ ሲያይ። ሳይቸግረው ጤፍ ብድር! የቀንዱን ሰፊ አፍ ወደ ከንፈሩ አዞረና ጠጣ። ጥቁሩ ማር በጢሙ ላይ ወረደ። ሙሴ ሳጥን መዘውሩን እያሽከረከረ በደስታ አበደ።

ሲመለሱ ወልደአማኑኤል ከበቅሎው ላይ ሆኖ «አንተ፣ ኮርቻውን አጥብቀው» አለው።

ሁለት ክረምት አለፈ። ሰንበታ ዝም ብሎ ይዋግም ነበር፤ ግን ባቡር በጮኸ ቁጥር ቀና ይላል። ዘርፉ ታየዋለች። በሦስተኛው ዓመት በበጋ ሙሴ ሳጥን ከነሥዕሉ መጣ። ወደ አዲስ አበባ ሲያልፍ፣ ባቡሩ እስኪነሣ ባለው ጊዜ፣ ለአዳማ ሰዎች ሊያሳይ ፈቀደ። የጣቢያው መጋዘን ተጠረገ፤ አቡጀዲ ተሰቀለ፤ በቀን ብርሃን በሮቹ ተዘግተው ስንጥቁ ሁሉ በጆንያ ተወተፈ። ሰውዬው በመጣ ቁጥር ከቀን ላይ ሌሊት ሳይሠራ አይሄድም።

ሰንበታ የሚቀመጠው ፊት ለፊት ነው ተባለ። በባላምባራስ ሰብስቤ አጠገብ! ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ጢሙን በቅቤ አለስልሶ ተቀመጠ። ባላምባራስ ጠጋ ብለው «እንዴት ነህ?» አሉት። ሰንበታ በዚያች ሰዓት የአዳማን ሰው በሙሉ ይቅር ሊል ምንም አልቀረውም።

መብራቱ በራ፤ ሥዕሉ ተንቀሳቀሰ። ዱቄታሙ ባላባት ከሬሳ ሣጥን ውስጥ ቀጥ ብሎ ተነሣ። ሴቶች ጮኹ። ባላባቱ ወደ አንዲት የተኛች ፈረንጅ ሄዶ አንገቷ ላይ ተደፋ፤ ሲነሣ ጥርሱ ጠቁሯል።

«ቀንዱስ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ያለ ቀንድ ነው እንዴ የሚዋግማት?»

«ሰሙን ረሳው! ሰሙን!»

መጋዘኑ በሳቅ ፈረሰ። አዳማ ያንን ፓሪስን ሁሉ ያስደነገጠ ባላባት ያየችው ሥራውን እንደማይችል ዋጋሚ ነው። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ሰንበታ ነበር። «በአንገት ነው እንዴ? በጥርስ? ሂድ ተማር!» ብሎ ጮኸ፤ ባላምባራስም ሳቁ፤ ሰንበታ ከሳቃቸው ጋር አብሮ መሳቁ እንደ ማር ጣፈጠው።

ከዚያ እንፋሎት መጣ። ከእንፋሎቱ ውስጥ፣ ሰማያዊ ሌሊት ለብሶ፣ እንደ በር የሰፋ የሰንበታ ፊት ወጣ። ፊት የሌለው ጀርባ ታየ፤ ምላጩ፣ ቀንዱ፣ ደሙ ታየ። ደሙ ሲቀበር ግን አልታየም። ሙሴ ሳጥን ጉድጓዱን ከሥዕሉ ቆርጦ ጥሎታል፤ የረገጠውን እግርማ ሳጥኑም አላየውም። ደሙ ቀንዱ ውስጥ ገባ፤ ቀንዱ ወደ ላይ ተነሣ፤ ሰንበታም በሰፊው አፍ ጠጣ። ጥቁሩ በጢሙ ላይ ወረደ። ባላባቱ መጥቶ በፊቱ ተንበረከከ።

ሳቁ በአንዴ ቆመ። አቡጀዲው ላይ ጽሕፈት ወጣ። ወልደአማኑኤል እስከዚያ ድረስ ጽሕፈቱን ሁሉ እንደመጣለት ሲተረጉም ነበር። አሁን ግን ሙሴም እያየው፣ ባላምባራስም እየሰሙት ነውና ፈረንሳይኛው እንዳይታማበት ጮክ አድርጎ በትክክል አነበበ፦ «ይህ የደም ጠጪዎች ሁሉ አባት ነው፤ ለባላባቱ ጥበቡን ያስተማረው እሱ ነው ይላል።» በዕድሜው አንድ ቀን በትክክል ተረጎመ፤ ያም ቀን ይህ ሆነ።

ሰንበታ ወደ ጎኑ ዞረ። ባላምባራስ ወንበራቸውን ራቅ አድርገዋል። ሙሴ ሳጥን አቡጀዲውን ጠቅልሎ፣ ሁሉም በጣም የወደደለት መስሎት፣ እጁን እያውለበለበ በባቡሩ ሄደ።

ከመጋዘኑ በር እስከ ገበያው ድረስ ወሬው ሰው ሆነ፤ እግር አወጣ። ሰንበታ ደማችንን ሲጠጣ ኖሯል! ይህን የሚሉት እነማን ናቸው? በገዛ እግራቸው ደማቸውን ረግጠው የቀበሩት ናቸው። የራሳቸው ተረከዝ የሚያውቀውን ትተው አቡጀዲ አመኑ። ድንጋይ በዘርፉ ጣራ ላይ አረፈ። ሳምንት ሳይሞላ ጉተማ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ሰንበታን ከባላምባራስ ሰብስቤ ችሎት አቆመው።

ችሎቱ የተቀመጠው ከገበያው በላይ ካለው ትልቅ ግራር ሥር ነው። የአዳማ ነፋስ ያን ቀን እንደ ልማዱ አቧራውንም፣ ጭዱንም፣ የሰውንም ልብስ ያንገላታ ነበር። የሰንበታ ቀንዶች በጆንያ ተደርገው ከፊት ተቀምጠዋል።

«ጌቶች፣ እዩኝ» አለ ጉተማ፣ አረቄ ያከሳውን ክንዱን እያሳየ። «ከሰው ተራ ወጣሁ። ደሜ የት እንደገባ ሳላውቅ ኖሬ በዓይኔ አየሁት።»

«ተዋግመህ ታውቃለህ?» አሉ ዳኛው።

ጉተማ ግራ ቀኙን አየ። ገበያው በሙሉ ይሰማል። «እኔ? ያ ረቢ! ታምሜ አላውቅ። ተኝቼ ሳለ መጥቶ ይሆናል።»

ማንም አልሳቀም። ዳኛውም ቃሉን እንደ ቃል ተቀበሉት። ወልደአማኑኤል ተጠራና ጽሕፈቱ የሚለውን ደገመ፤ አቡጀዲው ላይ የታየው ጀርባ የማን እንደሆነ ግን የጠየቀው የለም። እሱም አልተናገረም።

«አንተ ሰንበታ» አሉ ባላምባራስ። «ቀንዱን አንሥተህ ጠጥተሃል ወይስ አልጠጣህም?»

«ጠጥቻለሁ ጌታዬ። ማር ነበር። ያን ማድረጌ ጥፋቴ ነው፤ የአባቴን ሕግ አፍርሻለሁ። የሰው ደም ግን ቀምሼ አላውቅም። ባለቤቱ በእግሩ ይቀብረዋል።»

«እሺ። እንግዲያው አንድ ሰው ጥራ። ተነሥቶ ሰንበታ ዋግሞኛል፣ ደሜንም ራሴ ቀብሬያለሁ ይበል። አንድ ምስክር ካጣህ ቀንዶችህ እዚሁ ይቃጠላሉ፤ አንተም ከእንግዲህ በአዳማ አትታይም።»

ሰንበታ ሰዉን አየ። ዘርፉ ከዳር ቆማ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። ከእሷ በቀር ዐይኑን ያየለት አልነበረም። አንዱ መሬት ይጭራል፣ አንዱ ደመና ይቆጥራል። ሁሉንም ያውቃቸዋል፤ የዚያን ሰው ኪንታሮት፣ የዚህን ሰው ጠማማ አከርካሪ ያውቃል። ስም ቢጠራ ይድናል። ስም ከጠራ ግን የቀረውንም የአባቱን ሕግ ያፈርሳል፤ ያ ከቀረ ደግሞ ከእነሱ የሚለየው ምንም ነገር የለም። ንቀቱ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመው።

«ጌታዬ፣ የሰው ስም በአፌ አልጠራም» አለ። «ዋጋሚ የማንን ጀርባ እንዳየ ከተናገረ ከሌባ ይብሳል። የእኔ ምላጭ ግን ምልክት አለው፤ ሦስት ጭረት ነው፣ መካከለኛው ረዘም ይላል። አባቴ እንዲሁ ነው ያስተማረኝ፤ በዚህ አገር ሌላ ማንም እንዲህ አይጭርም። ይህ ጠባሳ የሌለበት ሰው እዚህ ካለ ይነሣ። ልብሱን አውልቆ፣ ንጹሕ ጀርባውን ለሰዉ አሳይቶ፣ እሱ ይፍረድብኝ። ቀንዶቼን በገዛ እጄ አቃጥላለሁ።» ወደ ባላምባራስ ዞረና ጨመረ። «ከዳኛው ወንበር ቢጀመርም ደስ ይለኛል።»

ነፋሱ ብቻ አላፈረም፤ መጥቶ ሸማውን ሁሉ ከፍ ከፍ አደረገ። ያኔ የአዳማ ሰው እንዴት እንደሆነ! ሽማግሌው ጋቢውን፣ ነጋዴው ኩታውን፣ ሁሉም ጫፍ ጫፉን ይዞ በትከሻው ላይ ጨመቀ። ወልደአማኑኤል የኮቱን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆለፈ። ከሳሹ ጉተማ ጋቢው ከአንድ ትከሻው ሲንሸራተት በሁለት እጁ ተሟግቶ መለሰውና ቁጭ አለ። ባላምባራስ ሰብስቤ በዚያ ሐሩር የካባቸውን ማሰሪያ አጠበቁት። ላባቸው በጆሮ ግንዳቸው ወረደ።

«ችሎቱ ነፋስ በዝቶበታል» አሉ። «ይነሣ።»

«ጉዳዩስ ጌቶች?» አለ ጉተማ።

«አንተ አረቄህን ቀንስ!»

ሰንበታን ነጻ ነህ አላሉትም፤ ጥፋተኛ ነህም አላሉትም። ሰዉ ልብሱን እንደጨመቀ ተበተነ። ጆንያውን የሚያነሣለት ስላልነበረ ዘርፉ መጥታ በአንድ ጫፍ ያዘችው።

ቤቱ ሲደርስ መጀመሪያ ያደረገው ነገር እሾህ ቆርጦ የጓሮውን ሽንቁር መዝጋት ነው። በርጩማውንና የአመድ ጉድጓዱን ወደ ፊት ለፊት አወጣ፤ ከመንገዱ ዳር፣ ገበያተኛ ሁሉ በሚያልፍበት። በርጩማው ላይ የሚቀመጥ ሰው ፊቱ ወደ መንገዱ እንዲሆን አድርጎ ተከለው።

«እዚህ ማን ይመጣል?» አለች ዘርፉ። «ጦም ልታሳድረን ነው?»

«ካልመጡ ይቅሩ።»

ሳምንታት አለፉ፤ በፊት ለፊት የመጣ የለም። በጓሮ የመጡ ነበሩ፤ እሾህ ወግቷቸው ተመለሱ። የባላምባራስ አሽከር ሁለት ጊዜ ተልኮ መጣ። ጌቶች ራሳቸውን ታመዋል፣ ቀንድህን ይዘህ ቤት ድረስ ና አለ። ሰንበታ አልሄደም። «ዋጋሚ ቤት ለቤት አይዞርም። ባለ ደሙ ደሙን እዚህ ይረግጣል» ብሎ መለሰው።

ጠጅ የተሾመን አናት አይፈራም። በገበያ ቀን፣ ሰው እንደ ጉንዳን በሚተራመስበት ሰዓት፣ ባላምባራስ ሰብስቤ በበቅሎ መጡ። ፊታቸው ጠቁሯል፣ ግንባራቸው በጨርቅ ታስሯል። ሽንቁሩ የነበረበትን አዩ፤ እሾሁን አዩ። በርጩማውን አዩ። ወረዱና ተቀመጡ። ካባቸውን አወለቁ፤ ሦስት ሦስት ጭረት፣ መካከለኛው ረዘም ያለ፣ ከትከሻ እስከ ወገብ ሞልቷል። ሰንበታ ምላጩን አነሣ።

«ቀስ በል» አሉ ባላምባራስ፣ በጣም በቀስታ።

ገበያተኛው ማለፍ ጀመረ። ዳኛን አይቶ ሰላም ሳይል የሚያልፍ ማን አለ? ጉተማ ነበር መጀመሪያ፤ የሚሸሽበት አጥቶ ቆመ፣ እጅ ነሣ። «እንደምን ዋሉ ጌታዬ?» አለ። ዐይኑ ከዳኛው ጀርባ ወደ ቆመው ሰው ሄደ፤ እሱን ዘሎ ሰላምታውን መጨረስ አልቻለም። «እንደምን ዋልክ... ኦቦ ሰንበታ?» ከኋላው ወልደአማኑኤል መጣ፣ እሱም እንዲሁ። ከዚያ ቅቤ ሻጮቹ፣ ጨው ነጋዴዎቹ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ተራ በተራ፣ ቆም እያሉ፣ ሰው እያያቸው፣ ለዳኛውም ለዋጋሚውም ሰላም አሉ።

ሰንበታ አልመለሰላቸውም። ቀንዱ አፉ ላይ ነበር። ሰሙ ቀዳዳዋን ከደፈነ ቆይቷል፤ እሱ ግን የመጨረሻው ሰው እስኪያልፍ ድረስ ከንፈሩን ከቀንዱ አላነሣም።